ቅቤ የነካው የመስቀል ድንች

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወር ይዤ ነበር። በማለዳ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት መሮጥ ቀርቶልኝ፣ ግቢዬ ውስጥ የተከልኋትን ቆስጣ ውኃ እያጠጣሁ መዋል ለምጃለሁ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ከቁሐር መንደር ተነሥተው ወረታ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለቱ የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው። ሦስተኛው አያ ሞላ፣ የእናቴ የአጎት ልጅ ነው።

ጠላ ቀዳሁላቸው። አያ ሞላ ጠላውን ሳይቀምስ ወደ ነገሩ ገባ።

«ትርንጎ፣ ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ዓርብ ይውላል። በሬ የለ፣ በግ የለ። ከደራም ከሊቦም የሚመጣው እንግዳ ግን እንደ ወትሮው ነው። በአትክልት አብልተሽ የምትሸኚልን አንቺ ነሽ።»

«አልችልም» አልሁ።

«ምነው፣ አሞሻል?»

«አላመመኝም። ጡረታ ወጥቻለሁ።»

ሦስቱም ሳቁ። «ከሚካኤልም ጡረታ ይወጣል እንዴ!» አለ አያ ሞላ።

አስቤ እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በእጄ የተፈጸመ ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ የጾም በዓል ድግስ ሥሪ በተባልሁ ቁጥር አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ልጄን እያመካኘሁ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ነገር ለመናገር ግን ከጀመርሁበት መነሣት አለብኝ።

ሥራ የጀመርሁት አንበሳሜ ነው፤ በአንድ የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ሳህን አጣቢ ሆኜ። ባሌ ሞቶ ሁለት ሴት ልጆች ይዤ ቀርቼ ነበር፤ የቀረበልኝን ሥራ ሁሉ እሺ የምልበት ጊዜ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ጽዳት» የሚል ተጽፎበት፣ ወጥ እየሠራሁም ሰባት ዓመት ጽዳት እንደተባልሁ ቆየሁ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ልጆቼ አድገውበታል።

እዚያ የወጥ ቤቱ አዛዥ ጋሽ ውበቱ ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። በልጅነታቸው ጣራ ገዳም አጠገብ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። «ለመምህሬ ሽሮ ስሠራ ዳዊቱ ከእጄ አመለጠ» ይሉ ነበር። የጾም ምግብ ላይ እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሽንኩርት ማቁላላት ነው። የፎገራ ሽንኩርት አዲስ ሲደርስ ውኃው ብዙ ነው። ሌላው ሰው ድስቱ ውስጥ ዘይት አፍስሶ ሽንኩርቱን ይደፋበታል። ጋሽ ውበቱ ግን ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ባዶ ድስት ላይ አድርገው፣ እሳቱን አሳንሰው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያማስሉ ነበር።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ ነው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እየሰማሁት ነው» አሉኝ። «አሁን እየተንጫጫ ነው፣ ውኃው አላለቀም። ዝም ሲል ዘይት ይጠጣል።»

እኔም ዐይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ። እውነትም ሲንሿሿ ይቆይና ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና ዝም ይላል። ያኔ ዘይቱን ካገኘ ወጡ ሥጋም ቅቤም አያሻው።

ጥቅል ጎመንን ውኃ አያስነኩትም፤ ጨው ነስንሰው፣ ክዳኑን ገጥመው በራሱ ላብ ያበስሉታል። ካሮት ቀድሞ ይገባል፣ ድንች ይከተላል፣ ጎመኑ መጨረሻ ነው። ዱባ ከሆነ ደግሞ ጭልፋ አይገባበትም፤ ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ነው። ቀይ ሥር ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ከተላጠ ግን ደሙን ለውኃው ሰጥቶ ባዶውን ይቀራል። ይህን ሁሉ ሲያሳዩኝ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። ሳበላሽ ዝም ብለው ያበላሸሁትን ራሳቸው ይበሉት ነበር። ከቁጣ የባሰ ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ በጾም ቀን ማንኛውንም ዘይት ድስት ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት ጠብታ ጣታቸው ላይ አንጠብጥበው፣ አሻሽተው፣ ቅቤ እንዳልነካው ያሸቱታል። አዲስ የተከፈተ ጀሪካን ቢሆንም፣ እኔ ራሴ ከገበያ የገዛሁት ቢሆንም። «ጋሼ፣ አሁን ከፊትዎ እኮ ነው የከፈትሁት» ብላቸው «አንቺን አልጠረጠርሁም፣ ዘይቱን ነው» ይላሉ።

ከአንበሳሜ ወጥቼ ጉማራ ወንዝ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሦስት ዓመት ሠራሁ። እዚያ ሩዝን ተማርሁ። የፎገራ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን ሩዝ የአገሩ ሰው ለእንጀራና ለጠላ ነበር የሚፈልገው፤ ከሌላ አገር የመጡት ሠራተኞች ናቸው ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ሲሠራ ምን እንደሚሆን ያሳዩኝ። አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲዘጋብን እናቱን ስለሚናፍቅ ወጥ ቤት ገብቶ ካሮት ይልጥልኝ ነበር። ካምፑ ሲፈርስ አልቅሶ ነው የተሰናበተኝ።

ከዚያ ወረታ ገባሁ። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ስሙ ይቅር፣ ዋና ምግብ አብሳይ ሆንሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያ ነው። ጋሽ ውበቱ በዚያው ሰሞን አረፉ። እኔ ዘንድ ግን ልማዳቸው አልሞተም፤ ረቡዕና ዓርብ ዘይት ሳላሸት ድስት ውስጥ አልጨመርሁም። ከአንድ ቀን በቀር።

ያ ቀን መስቀል ነው። ረቡዕ ዋለ። ከሌላ ዞን መጥተው ወረታ የሚያስተምሩ መምህራን፣ አገራቸው ለመግባት ያልቻሉ ነጋዴዎች፣ አብረው በዓል እንዲውሉ የማረፊያው ባለቤት ድግስ ደግሶ ነበር። ከቁሐር ሚካኤልም ካህናት ተጠርተዋል፤ ከእነሱ ጋር እማሆይ አጸደ መጡ። እማሆይን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከመነኮሱ ጀምሮ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት አፋቸው አልገባም። ፋሲካም ቢሆን ሽሯቸውን ነው የሚበሉት።

እኔ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ጭሱ፣ በርበሬው፣ ሁሉም አንድ ሆኖብኛል። ጾም ስለሆነ አልቀምስም፤ የማምነው አፍንጫዬን ነበር፣ እሱም የለም። ሰዓቱ ደግሞ ደርሷል። ለድንቹ ወጥ ዘይት አልቆብኝ «ዘይት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ረዳቴ መልካሜ ከጥግ አንድ ጀሪካን አቀበለችኝ። ጣቴን ዘረጋሁ። «ሰዎቹ ተቀምጠዋል እኮ» አለ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ከበር ሆኖ። ጣቴን ሰበሰብሁና አፈሰስሁት።

ምግቡ ቀረበ። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። መምህራኑ ወጥ ቤት ድረስ መጥተው «እትዬ ትርንጎ፣ ይኼ ድንች ምን ገብቶበት ነው?» አሉኝ። እማሆይ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። በመስኮት አይቻቸው ደስ አለኝ፤ ጋሽ ውበቱ ይህን ቢያዩ ብዬ አሰብሁ።

ሰዉ ተመርቆ ሲወጣ ድስቶቹን ለማጠብ ተመለስሁ። የተረፈው ድንች ቀዝቅዟል። ዳር ዳሩን ቢጫ ነገር ረግቶበታል። ዘይት አይረጋም። በጣቴ ጫር አድርጌ አሸሁት፤ ጣቴ ላይ ሟሟ። የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ።

መልካሜ ያን ጠዋት የቅቤው ማስቀመጫ ስለ ተሰነጠቀባት፣ ለማግሥቱ የተነጠረውን ቅቤ ግማሽ ዘይት ካለበት ጀሪካን ውስጥ ገልብጣው ኖሯል። ልትነግረኝ አስባ በጥድፊያው ረሳችው። ልጅቱ እያለቀሰች እግሬ ላይ ወደቀች። እሷ ምን አጠፋች? ጣቷን ዘርግታ የሰበሰበችው እሷ አይደለችም።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። በሩን ዘጋ። «ማን አወቀ?» አለኝ።

«እኔ፣ መልካሜ፣ አሁን ደግሞ አንተ።»

«እንግዲያስ እዚሁ ይቅር። የቤቱ ስም ይጠፋል፣ አንቺም ከዚህ በኋላ የሚቀጥርሽ የለም። ባለማወቅ የተበላ ነው፣ እነሱ ላይ ኃጢአት የለበትም።»

ትንሿ ልጄ ያን ጊዜ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። ዝም አልሁ። ሥራ አስኪያጁ ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ እኔ ግን ዝምታውን ይዤ ቀረሁ። እማሆይን ገበያ ላይ፣ ንግሥ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ጉልበታቸውን ስሜ አልፋለሁ፤ እሳቸው ይመርቁኛል። ምርቃቱ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ እነ አያ ሞላ የመጡብኝ በዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ባጃጅ ያዝሁና ወደ ቁሐር መንገዱ እስከሚያደርሰኝ ሄድሁ፤ የቀረውን በእግሬ። ሜዳው ውኃውን መጥጦ ደርቋል፤ ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቋል። ያየኝ ሰው ሁሉ «ለሚካኤል ልትሠሪልን ነው አሉ!» ይለኛል። ራሴን እየነቀነቅሁ አልፋለሁ።

እማሆይ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው። እንደ ልማዴ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አልቻልሁም፤ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምነው ልጄ፣ ደኅና አይደለሽም?»

«እማሆይ፣ የበደልሁዎት ነገር አለ።» ከዚያ ሳላቋርጥ ነገርኋቸው። ጉንፋኑን፣ ጀሪካኑን፣ ጣቴን፣ የረጋውን ቢጫ ነገር። ሥራ አስኪያጁ ዝም በይ ማለቱን ልናገር ስጀምር ግን ተውሁት፤ ዝም ያለው አፍ የኔው ነበር።

እንዝርቱ ቆመ። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት።

«ስምንት ዓመት» አሉ። «ስምንት ዓመት ጉልበቴን ስመሽ ስታልፊ ይህ ሆድሽ ውስጥ ነበረ?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ቅቤው አይደለም የከፋኝ። ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ ለካህኑ ተናግሬ፣ ሰግጄ፣ ይበቃኝ ነበር። በዚህ እንደሚያልቅ ታውቂ ነበር እኮ! ለምን የራሴን ነገር ደበቅሽብኝ?»

«ፈራሁ» አልሁ።

«እኔን?»

«ሥራዬን እንዳላጣ።»

ይህን ስል ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። እንዝርቱን አንሥተው አንድ ሁለቴ አሾሩት። «እሱስ ልጅ ያለው ሰው ይፈራል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና አሉ። «ንስሐውን ከካህን ተቀበዪ፣ እኔ ካህን አይደለሁም። ለማኅበርተኞቹም ንገሪያቸው፤ የዚያን ቀን የበላ ሰው ከመካከላቸው አለ። የሚካኤል ዕለት ዓርብ ግን ወጡን አንቺ ሥሪው። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ልሄድ ስነሣ ጠሩኝ። «ትርንጎ።»

«አቤት እማሆይ።»

«እኔስ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድንች አጥቼ ድንቹ ነው ወይስ አፈሩ የተበላሸው ስል ኖሬያለሁ እኮ!» አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። የተመለስሁበትን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላስታውስም፤ እግሬ የኔ አይመስለኝም ነበር፣ እንዲያ ቀለለኝ።

ካህኑ ዘንድ ሄጄ ቀኖናዬን ተቀበልሁ። ማኅበርተኞቹን ደግሞ አያ ሞላ ቤት ሰብስቤ ነገርኋቸው፤ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኋቸው። ካሣ የሚባል አንድ ሰው፣ ያን መስቀል አብሮ የበላ፣ ምንም ሳይናገር በትሩን አንሥቶ ወጣ። አያ ሞላ በሩን መለስ አድርጎ ወደ እኛ ዞረ።

«የበላነውን በላን» አለ። «አሁን ዘይቱን ከማንም አብልጣ የምትጠብቀው እሷ ናት። እኔ ሌላ ሰው አልፈልግም።» የቀሩትም እሺ አሉ።

የሚካኤል ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከሰባት ሴቶች ጋር መክተፍ ጀመርን። ሽንኩርት በኩንታል ነው የመጣው። ካሮት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ እንደ በርጩማ የሚያስቀምጥ ዱባ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጉልቻው ላይ ስድስት ድስት ተጣደ። ቅዳሴው ከቤተ ክርስቲያኑ ይሰማናል። እማሆይ በጊዜ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸው እያዩኝ ሽንኩርቱን አዳመጥሁ።

ዘይቱ ከየቤቱ የተዋጣ ነው፤ አንዱ የኑግ፣ አንዱ የሱቅ፣ አንዱ በውኃ ኮዳ። እያንዳንዱን ከፈትሁ፣ ጣቴ ላይ አንጠባጠብሁ፣ አሸሁ፣ አሸተትሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ራሷ አሽትታ ታቀብለኝ ጀመር። አንድ ኮዳ ላይ ተጠራጠርሁ። ሽታው የወፈረ መሰለኝ። ለእማሆይ ሰጠኋቸው። ጣታቸው ላይ አሽትተው «ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ነው፣ ሌላ የለውም» አሉ። እኔ ግን ወደ ጎን አስቀመጥሁት። ማንም ለምን አላለኝም።

የሐበሻ ጎመኑን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አበሰልነው። ጥቅሉ በራሱ ላብ በሰለ፤ እርዱ ያበራ ነበር። ድንቹን በቀይ ቁሌት ሠራሁት። ቀይ ሥሩን በሎሚና በቃሪያ፣ ሩዙን በካሮት። ዱባውን ሁለት ጎበዝ ሴቶች ድስቱን በጨርቅ ይዘው ነቀነቁልኝ።

ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ሰዉ በየዳሱ ተቀመጠ። መሶቡ ወጣ። እኔ ከዳሱ ጀርባ ቆሜ የሰዉን ፊት ሳይሆን እጁን ነበር የማየው፤ እጅ ደጋግሞ ከተዘረጋ ምግቡ ገብቷል ማለት ነው። ይዘረጋ ነበር። ካሣን ፈለግሁት። ከዳሱ ውጭ፣ ከግራሩ ሥር፣ ከቤቱ ያስቋጠረውን እየበላ ነበር። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬም ቃል አልተነፈሰልኝም፤ መብቱ ነው። ስናልፍ ግን ሰላምታ አይነፍገኝም።

እማሆይ እጄን ይዘው መሶባቸው ዘንድ አስቀመጡኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዓል ቀን የምበላው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ የቀዘቀዘውን፣ ቆሜ ነበር። «አሁን ማን ያስተናግዳል?» ብል «ሰባት ሴት አለ» አሉኝ። ድንቹን ቀመሱ። ዐይኔን ከአፋቸው ላይ መንቀል አቃተኝ።

«እንዴት ነው፣ እማሆይ?»

አላመጡ፣ ዋጡ። «ድንቹ ድንች ነው» አሉ። ቀጥለው ዱባውን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ደንግጬ ልነሣ ስል ጉልበቴን ያዙኝ።

«ዱባው ጠጥሮብኛል። ለባለ ጥርስ ነው የሠራሽው መሰል፤ እኔ እኮ ሁለት ነው የቀረኝ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነቀፌታ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም። ዱባውን በእንጀራው ላይ በጣቴ ደፍጥጬ፣ አለስልሼ፣ አጎረስኋቸው። ከዚያ እኔም ከዚያው ገበታ ቆርሼ ጎረስሁ። ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ።